በገመድ የታሰረው የልክ ደብተር

ኅዳር 22፣ ሰኞ

ዛሬ ስፌት ቤቴ ገበያ መስሎ ዋለ። ደስ ሲል! የጥር ሙሽሮች ከወዲሁ ጀምረዋል። ጦር ኃይሎች ከታክሲ ወርጄ ገና ቁልፉን ሳላወጣ ሦስት ሴቶች በሩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። "ተኝተሽ ነው እንዴ ዋጌ?" ይሉኛል። አንድ ሰዓት ተኩል ላይ!

ልክ ስወስድ ዋልኩ። ልክ መውሰድ እወዳለሁ። ሰው ሜትር ሲጠመጠምበት ያወራል፣ ለምን እንደሆነ እንጃ። እኔ ደግሞ ወሬ ሲጥመኝ! የነገሩኝን ሁሉ ከልኩ ጎን እጽፈዋለሁ። "ወገብ 84፣ ጾም ሲፈታ ይጨምራል።" "ዳሌ 110፣ ባሏ ጠበብ ያለ አይወድም።" አራተኛ ደብተሬ ነው። ሦስተኛው አምና ሊጠፋ ለጥቂት ስለተረፈ ይሄኛውን በሩ አጠገብ ካለው ጠረጴዛ እግር ጋር በገመድ አስሬዋለሁ። እስቲ አሁን ማን ይወስደዋል?

ሁሉም ይጠቀምበታል። ጥልፍ የምትጠልፍልኝ ኤቢሴ ደረትና እጅጌ ታይበታለች። ጎኔ ክርና ገበር የምትሸጠው ሃፊዛ ለማን ስንት ሜትር ገበር እንደሚበቃ ታይበታለች። ማዶ ፎቶ ቤት ያለው ማርቆስ ያለቁ ቀሚሶችን በቴሌግራም ይለጥፍልኛል፣ እሱም የደንበኛ ስልክ ይፈልግበታል። እኔ ኖርኩ አልኖርኩ ሥራው አይቆምም። ጎበዝ አይደለሁም?

ኅዳር 25፣ ሐሙስ

ወይዘሮ ጽጌማርያም የምትባል ከቀራንዮ መጣች። ልጇ ቤተልሄም ጥር 17 ታገባለች፣ ለራሷ ለሙሽራዋ እናት ቀሚስ ነው የምትፈልገው። ሲያዩዋት ደስ የምትል፣ ሁሉን ነገር ወደ ሳቅ የምታዞር ሴት። "አደራ፣ ከሙሽራዋ በልጬ እንዳልታይ" አለችኝ።

ልክ ልወስድ ስል ግን "መጋረጃውን ዝጊው" አለች። ዘጋሁ።

"በደንብ።"

ነጠላዋን ሳታወርድ ትንሽ ቆመች። ከዚያ "ዋጋነሽ፣ ግራው የለም" አለችኝ። አልገባኝም። እጄን ይዛ አስነካችኝ… ያኔ ገባኝ።

ካንሰር። ከተቆረጠ ሁለት ዓመት ሆኖታል። ልጅቷ ያኔ ሐዋሳ ሥራ ላይ ነበረች። "ደብረ ማርቆስ እህቴ ጋ ልከርም ነው" ብላ ዋሽታት፣ እዚሁ አዲስ አበባ ታከመች። ባሏ ቀድሞ አርፏል። ከእህቷ በቀር የሚያውቅ የለም።

"አሁን ደህና ነኝ፣ ክትትል ላይ ነኝ" አለችኝ። "ከሠርጉ በኋላ እኔው አስቀምጬ እነግራታለሁ። አሁን ብትሰማ ሠርጉን ትሰርዘዋለች፣ አውቃታለሁ። ደግሞ በልጄ ሠርግ ሰው ደረቴን እያየ ከንፈሩን እንዲመጥልኝ አልፈልግም።"

"በኔ ይሁንብሽ" አልኳት። ማርያምን፣ ከልቤ ነው።

ገበሩ ውስጥ ስፖንጅ እሞላለሁ። እንዳልረሳው ጻፍኩት። "ጽጌማርያም፣ የሙሽራ እናት። ግራ ጡት ከሁለት ዓመት በፊት በካንሰር ተቆርጧል፣ ስፖንጅ። ልጇ አታውቅም። ሚስጥር።" ሚስጥር የሚለውን ሁለት ጊዜ አሰመርኩበት።

ኅዳር 29፣ ሰኞ

ማርቆስ የደብተሩን ገጾች ሁሉ በስልኩ ፎቶ አነሳቸው። ለገና ለደንበኞቼ በሙሉ መልካም በዓል ሊልክልኝ። "ከእንግዲህ ስልክ ቁጥር ፍለጋ እየመጣሁ አልበጠብጥሽም" አለ። አሳቢ ሰው ነው። ሻይ ጋበዝኩት።

ታኅሣሥ 7፣ ማክሰኞ

የጽጌ ጥልፍ አለቀ። የኤቢሴ እጅ ይባረክ! ስፖንጁን ሞልቼ ሰቀልኩት… ግራና ቀኙን ማን ይለየዋል? ቡቲክ የተሰቀለ ነው የሚመስለው። ቀኑን ሙሉ ቀና እያልኩ ሳየው ዋልኩ።

ታኅሣሥ 13፣ ሰኞ

ማሽኑን አቁሜ ነው የምጽፈው።

ጽጌ መጣች። በሩ ላይ ቆመች።

"ግቢ እንጂ! ቀሚስሽ ደርሷል፣ ነይ እዪው።"

"አልገባም።"

ቅዳሜ ከሰዓት የእድሯ ሴቶች አምስት ሆነው ቤቷ ሄዱ። ሙዝና ብርቱካን ይዘው። የታመመ ሊጠይቁ! በሩን የከፈተችላቸው ቤተልሄም ናት። "እናትሽን ልንጠይቅ ነው፣ እግዜር ይማራት።" "ምን ሆና?" "ጡቷን አስቆርጣ የለ እንዴ? ሁለት ዓመት ሙሉ ሳንሰማ ቀርተን ነው እንጂ…"

ልጅቷ የተቀበለችውን ፌስታል እንደያዘች ደርቃ ቀረች አለችኝ። ጽጌ ጓዳ ሆና ሁሉን ትሰማለች።

"ለማን ነገርሽ?" አለችኝ።

"ለማንም! ማርያምን፣ ለማንም!"

"ካንቺና ከእህቴ ሌላ የሚያውቅ የለም። እህቴ ደግሞ ደብረ ማርቆስ ናት።"

ልጅቷ "እናቴ ታማ እኔ ልጨፍር ነው?" ብላለች። ለወንዱ ቤተሰብ ሠርጉ ይራዘም ልትል ነው። እናቷን አታናግራትም። "ሁለት ዓመት ዋሸሽኝ" አለቻት፣ ከዚያ ወዲያ ድምጿ አልተሰማም። አንድ ቤት ውስጥ እየኖሩ።

"ቀሚሱን ለፈለግሽው ስጪው" አለችኝና ሄደች። ሳቋ የት ገባ…

ለማንም አልተናገርኩም። ወሬኛ ነኝ፣ አውቃለሁ። ይችን ግን ዋጥኳት። ታዲያ ማን ነው?

ታኅሣሥ 14፣ ማክሰኞ

ክፉ ቀን። በእጄ ያመጣሁት።

ሌሊቱን ሳስብ አድሬ ኤቢሴ ላይ ደረስኩ። ደብተሩን የምታነበው እሷ፣ ቀሚሱን የያዘችው እሷ። ጠዋት ገና ሳትቀመጥ ጀመርኳት።

"የጽጌን ነገር ለማን ነው ያወራሽው?"

"የቷ ጽጌ?"

"አታውቂም? ስፖንጅ ያላት!"

መርፌዋን ክሯ ላይ ሰክታ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። "እትዬ ዋጋነሽ፣ ስድስት ዓመት አብሬዎት ሠራሁ። እርስዎ ያሉትን ነው የምጠልፈው። የሰው ገላ ወሬዬ ሆኖ ያውቃል?"

"ታዲያ ማን ነው? ግድግዳው ነው?"

"እሱን እርስዎ ይፈልጉት።" ነጠላ ጫማዋን እያንጓጓች ወጣች። አልተጣራሁም። ለምን አልተጣራሁም?

ታኅሣሥ 15፣ ረቡዕ

ሃፊዛ መጣች። የኤቢሴን ወንበር አየች፣ እኔን አየች። ነገርኳት። ሁሉን አይደለም፣ "የአንዲት ደንበኛ ሚስጥር ወጣ" አልኩ።

"የጽጌማርያም?" አለችኝ።

ክው አልኩ። "አንቺ በምን አወቅሽ?"

"በደብተርሽ ነዋ! ያን ሰሞን ገበር ልለካ ስመጣ አነበብኩት። እኔ ምን ላድርግ፣ ሚስጥር ብለሽ አስምረሽበታል። ዓይኔ መጀመሪያ ያረፈው እሱ ላይ ነው።"

"ለሰው አወራሽ?"

"አንቺ ዋጌ! አላህን ፍሪ!" ተቆጣች። ከዚያ ገመዱን ሳብ አድርጋ ደብተሩን አነሳችና የራሷን ገጽ አወጣች። ጮክ ብላ አነበበችው፣ በር ላይ፣ ሰው እያለፈ። "ሃፊዛ። ወገብ 96። ካስወረዳት ወዲህ አብጣለች፣ ላላ ይበል።" ቀና ብላ አየችኝ። "ይሄን ስንት ሰው አይቶታል? የሰፈሩ ሰው ሁሉ እዚህ ጠረጴዛ ላይ ተደግፎ ነው ታክሲ የሚጠብቀው።"

ደብተሩን ከእጇ ተቀብዬ ዘጋሁት።

እንዳይጠፋ ብዬ ነበር ያሰርኩት። እንዳይታይ ብዬ አስቤ አላውቅም።

ታኅሣሥ 17፣ ዓርብ

ተገኘ። ሃፊዛ ናት "ፎቶውስ?" ያለችኝ። ማርቆስ ጋ ሄድኩ።

"ያን ጊዜ ያነሳኸውን ለማን ላክኸው?"

"ለማንም አልላክሁም… ለዲኮሯ ብቻ። አዳራሽ የምታስጌጠዋ፣ የቀራንዮዋ። የሙሽሮቹን ቁጥር ስጠኝ አለችኝ፣ ሰጠኋት። እኔም የሠርግ ፎቶ ሥራ ታስገኝልኛለች። ምነው፣ ክፋት አለው?"

"ቁጥሩን ብቻ ነው የላክኸው?"

"ገጹን ነው እንጂ። ማን ቁጭ ብሎ ይገለብጣል?"

"ከቁጥሩ ጎን ያለውስ?"

"እሱን ማን ያነበዋል ዋጌ!"

ማን ያነበዋል አለኝ። በስልኩ ደወልኩላት። ዲኮሯ የጽጌ እድር አባል ሆና ተገኘች።

"እህቴ፣ እኔኮ አንጀቴን ስለበላችኝ ነው" ትለኛለች። ድምጿ የዋህ። "ሁለት ዓመት ብቻዋን ታማ አንዳችን ሳንጠይቃት! ነገ የልጇ ሠርግ ላይ በምን ዓይናችን እናያታለን? ሴቶቹን ሰብስቤ ወሰድኳቸው። ብርቱካኑን ራሴ ነኝ የገዛሁት።"

ልጮህባት ነበር። አልቻልኩም። እኔ ብሆንስ? እውነቱን ልጻፍ… እኔ ብሆን ከሷ ቀድሜ ሙዝ ይዤ እደርስ ነበር።

"ልጇ አታውቅም የሚለውን አላነበብሽም?" አልኳት።

"እሱ ገጹ ጥግ ላይ ተቆርጧል እህቴ…"

ማርቆስ ፎቶዎቹን እዚያው ፊት ለፊቴ አጠፋቸው። እሷም አጠፋሁ አለች። ከማርቆስ ጋር የቴሌግራም ሥራችንን በቃ አልኩት። "በፎቶ ነው የምትጣይኝ?" አለኝ። በፎቶ አይደለም። የምጣላው ከራሴ ጋር ነው፣ አልኩት። ገብቶት ይሆን?

ታኅሣሥ 18፣ ቅዳሜ

ዓለም ባንክ ሰፈር፣ ኤቢሴ ቤት ሄድኩ። ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ ጉልበቴ ሊወልቅ። በሩን ከፈተችልኝ። እኔ ተንበርክኬ ጉልበቷን ልስም ስል ግን "ኧረ እትዬ! ኧረ በእናትዎ!" ብላ ብብቴን ይዛ አነሳችኝ። ሁለታችንም አለቀስን። ከዚያ እሷ ሳቀች፣ ደረጃውን ስወጣ ሳል ሳል ሲለኝ ከመጀመሪያው ፎቅ ጀምሮ ሰምታኛለች ለካ።

አንድ ነገር አለችኝ፣ እስካሁን ከጆሮዬ አልወጣም። "እኔ የሚያስፈልገኝ ደረት፣ እጅጌ፣ የአንገቱ ቅርጽ። የሴትዮዋ ስም ለመርፌዬ ምን ያደርግለታል?"

ምን ያደርግለታል? ለኔስ፣ ካንሰር የሚለው ቃል ለስፖንጁ ምን አደረገለት? "በግራ ስፖንጅ" ብል አይበቃም ነበር? እንዲያውም ባልጽፈውስ። እጄ ነክቶት የለ? እንዴት እረሳዋለሁ?

ታኅሣሥ 21፣ ማክሰኞ

ገመዱን በመቀስ ቆረጥኩት።

የብስኩት ቆርቆሮ ሳጥን ነበረችኝ፣ ትልቋ። መርካቶ ወስጄ ማሰሪያ አስበየድኳትና ቁልፍ ገዛሁላት። ካርቶን በእኩል ቆረጥኩ። ለአንድ ሰው አንድ ካርቶን፣ ቁጥርና ልክ ብቻ። ስምና ስልክ ለብቻው፣ ከታች። ለኤቢሴ የሚሄደው ቁራጭ ላይ ቁጥርና የምትጠልፈው ብቻ። ለሃፊዛ "ገበር ሦስት ሜትር ተኩል"። የማን እንደሆነ አታውቅም። "እሰይ!" አለች፣ "ከአሁን በኋላ ጭንቅላቴ ያርፋል።"

አራቱንም ደብተሮች ከግቢው ኋላ አቃጠልናቸው። እየነደዱ ሳሉ አንብብ አንብብ አለኝ። ስንት ዓመት ሙሉ የሰው ጓዳ! ማን ከማን ደብቃ እንደምትበላ፣ ማን ከሠርጓ በፊት እንደወፈረች… ይሄን ሁሉ ምን ልሆን ነው የሰበሰብኩት? ሰው ስለሚወደኝ ነው የሚነግረኝ እያልኩ እኮራ ነበር።

ከማቃጠላችን በፊት የሃፊዛን ገጽ ቀድጄ ሰጠኋት። የጽጌንም ቆርጬ ሳጥኗ ውስጥ አስቀመጥኩት። እኔ የማቃጥለው አልመሰለኝም።

ታኅሣሥ 25፣ ቅዳሜ

ቤተልሄም መጣች። አይቻት አላውቅም፣ ግን ገና በሩ ላይ አወቅኳት። የእናቷ ግንባር።

"እትዬ ዋጋነሽ እርስዎ ነዎት?"

"ነኝ። ግቢ የኔ ልጅ።"

"የእናቴን ገጽ ያሳዩኝ።"

ሳጥኗ ከጉልበቴ በታች ነች። ቁልፉ አንገቴ ላይ። በመዳፌ ሸፈንኩት።

"አላሳይም" አልኳት።

"ልጇ ነኝ!"

"አውቃለሁ።"

"ዲኮሯ አንብባዋለች! እድሩ አንብቦታል! ሰፈሩ ሁሉ ያወቀውን እኔ ብቻ ነኝ ያላወቅሁት! አሁን ነው መደበቅ የመጣብዎ? አሁን?"

እውነቷን ነው። ምን ልበላት? ምላሴ ላይ ነበር… እናቷ መጋረጃውን በደንብ ዝጊው ስትለኝ ፊቷ እንዴት እንደነበር፣ "ሠርጉን ትሰርዘዋለች፣ አውቃታለሁ" ስትል እንዴት በልጇ እንደኮራች። ብነግራት ልቧ ይራራ ነበር፣ አውቃለሁ። ልነግራትም አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ነገሩ የእናቷ ነው። እንዴት እንደሚነገር እንኳን የምትመርጠው እሷ ናት።

"እኔ አንዴ በድያታለሁ፣ አልደግመውም" አልኳት። "እሷን ጠይቂያት።"

"አንነጋገርም!"

"እሷ ነች የማታናግርሽ ወይስ አንቺ?"

በሩን ወርውራው ወጣች። ቀሚሱ ከነማንጠልጠያው ወደቀ። አነሳሁት፣ አራገፍኩት። ጥሩ የሠራሁ ይሁን ያበላሸሁ አላወቅሁም።

ታኅሣሥ 29፣ ረቡዕ

ገና ነው። ለደንበኛ መልካም በዓል አልተላከም። ዶሮው አልወረደልኝም።

ጥር 7፣ ሐሙስ

ሁለቱም መጡ! እናትና ልጅ፣ አብረው!

ጽጌ ገባች። ወንበር ስባ ተቀመጠች። "ልጄን ገጼን ከልክለሽ ሰደድሻት አሉ" አለች።

"አዎ።"

"ከዚህ ወጥታ ቀጥታ እኔ ጋ መጣች። ስትጮህ! 'ያቺ ልብስ ሰፊ እንኳን እምቢ አለችኝ' እያለች። ሁለት ሳምንት አፏን ዘግታብኝ፣ አንቺን ልትሰድብ ብላ አናገረችኝ። ከዚያማ እስኪነጋ አወራን።"

ሠርጉ በቀኑ ነው። ቤተልሄም ክትትሉ ጋ አብራት ሄዳ ሐኪሙን በጆሮዋ ሰምታለች። ደህና ናት ብሏታል።

"ይቅር ብዬሻለሁ አላልኩም" አለችኝ ጽጌ። "ቀሚሴን ግን አምጪ።"

መጋረጃውን ልዘጋ ተነሳሁ። ጽጌ ወደ ልጇ ዞረች። "አንቺም ግቢ" አለቻት። ልጅቷ ገባች። እኔ ግን ውጪ ቀረሁ። ኤቢሴም ማዶ ማዶ እያየች ቆመች። ውስጥ ምን ተባባሉ? አልሰማሁም። እውነት አልሰማሁም፣ ማሽኑን አስነስቼ ባዶ ጨርቅ ስሰፋ ነበር።

ስትወጣ… እንዴት አማረባት! ልጅቷ ዓይኗ ቀልቶ ዚፑን ትዘጋላታለች።

ገጹን ከሳጥን አውጥቼ ሰጠኋት። "ያንቺ ነው። እንደፈለግሽ አድርጊው።" አነበበችው። ሚስጥር ከሚለው ሥር ያሰመርኳቸውን ሁለት መስመሮች በጣቷ ነካቻቸው። አራት ቦታ አጠፈችና ከቀሚሷ አንገት በግራ በኩል ውስጥ ወሸቀችው። "እዚህ ጋ ቦታ አለኝ" አለች።

ልጅቷ "እማዬ!" ብላ ጮኸች። ከዚያ ሳቀች። ከዚያ ሁላችንም።

ጥር 18፣ ሰኞ

ትናንት ሠርግ ዋልኩ። እግሬ አብጧል። ጽጌ እስክስታውን ስትወርድበት ዲኮሯ ከጎኔ ሆና "ደህና ናት ማለት ነው?" አለችኝ በጆሮዬ። "ሂጂና ጠይቂያት" አልኳት። አልሄደችም። ጭብጨባዋን ቀጠለች።

ይሄ ውሎዬን የምጽፍበት ደብተርም ዛሬ ሳጥኗ ውስጥ ይገባል። እዚህም ስንቱን ጽፌያለሁ ለካ፣ መሳቢያ ውስጥ ክፍቱን እየተውኩት።

ጠዋት አዲስ ደንበኛ መጣች። መጋረጃውን ሳትለኝ ዘጋሁት። ሜትሩን ሳዞርባት አወራችኝ… ኧረ ስንቱን! አንዴ አሳቀችኝ፣ አንዴ እንባዬ መጣ። አምና ቢሆን ይሄን ገጽ ሞልቼ ወደሚቀጥለው እገለብጥ ነበር።

ቁጥር 31። የቀሚስ ቁመት 138። ወገብ 92። እጅጌ ረጅም።